የወንበር ጾም

ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ባሕር ማዶ ላለችው መነኩሲታችን፤

ሰላምሽ ይብዛ። ጤናሽ በደንብ እንደ ደረቀ ጣውላ ይጽና፤ አይጥመም፣ አይሰንጠቅ።

ከሁሉ በፊት አንድ ከባድ አቤቱታ አለኝ። የላክሽው ፎቶግራፍ ደርሶኛል። ከስተሻል፤ እሱን እናትሽ ታልቅስበት። እኔን ያንገበገበኝ ከኋላሽ የቆመው ወንበር ነው። ማን ነው የሠራው? የኋላ እግሮቹ ወደ ውጭ ተንሻፈዋል፤ መደገፊያው ደግሞ የተቆጣ ድመት ጀርባ መስሏል። ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበበ ሰው በተሰበሰበበት ግቢ አንድ የወንበር እግር የሚያቃና ይጥፋ? ሦስት ቀን ሙሉ ፎቶውን በአጉሊ መነጽር ሳየው ከረምኩ። እናትሽ ናፍቆት መስሏት አዘነችልኝ፤ እኔም አላረምኳትም።

በቀልድ መነኩሲታችን ብልሽም ሥራሽን ለሰፈሩ ማስረዳት አቅቶኛል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሳያሰልስ ይጠይቀኛል። «ቄስ ናት?» አይደለችም። «አስተማሪ ናት?» አይደለችም። «ታዲያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምን ትሠራለች?» የየሃይማኖቱ ተማሪ የሚጸልይበትን ክፍል ትጠብቃለች፣ የጨነቀውን ታዳምጣለች አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ «ለማዳመጥ ደመወዝ ይከፈላል? ሚስቴ ይህን እንዳትሰማ!» አለኝ።

የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰፋ ያለ ስለት ያለው መሮ። እዚህ የሚሸጠው ቅቤ እንኳ አይቆርጥም።

ደግሞ በፎቶው ጠርዝ ላይ ግማሽ ሴትዮ አየሁ። መወልወያ ይዛ ትስቃለች፤ ግራ ጎኗን ፎቶ አንሺው ቆርጦታል። ግማሿ ይህን ያህል ከሳቀች ሙሉዋ ምን ልትሆን ነው? ማን ናት? ስድስት ሰው ቆማችሁስ ያ አስቀያሚ ወንበር ለምን ባዶውን ቀረ? እንደኔ አፍራችሁበት ነው?

እናትሽ «በስልክ ንገራት እንጂ ምን ወረቀት ታበላሻለህ» ትለኛለች። በስልክ የተናገሩት አይሰረዝም፤ እኔ ደግሞ ብዙ መሰረዝ ያለብኝ ሰው ነኝ።

አጎትሽ አናጢው


ጾሙ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እጅዎን ከመጋዝ፣ ዓይንዎን ከሰጋቱራ ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እግሬን ብቻ ትንሽ ያመኛል። ምክንያቱን እነግርዎታለሁ፤ ለእናቴ ግን እንዳይነግሩብኝ።

በወንበሩ አፍረንበት አይደለም፤ ጾመነው ነው።

ክፍላችን ትንሽ ናት። አንድ መስኮት፣ አንድ ምንጣፍ፣ የጫማ መደርደሪያ፣ ጥቂት ታጣፊ ወንበሮችና እርስዎ የሰደቡት ወንበር አሉ። ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም፣ ዝም ብሎ የሚያሰላስለውም ተራ በተራ ይገባል። ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ክርስቲያኖቹ ምን እንደሚተዉ ይከራከሩ ነበር። አንዷ ጣፋጭ አለች፤ ሌላው ስልክ አለ። የምህንድስና ተማሪ የሆነው ሙስሊሙ ልጅ ደግሞ ጫማውን እያጠለቀ፣ «ምን ዓይነት ጾም ነው? የወደዳችሁትን የምትመርጡበት ሱቅ ነው እንዴ?» አላቸው።

በምንም አላምንም የሚል የሒሳብ ተማሪም አለን። በምንም ባያምንም በየጠዋቱ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው፤ ካልሲው ሁልጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። እሱ ነው ነገሩን ያመጣው። «በዚህ ሕንፃ ሦስት መቶ አርባ ወንበር አለ፤ ቆጥሬዋለሁ። የጽዳት ሠራተኞቹ ግን ምሳቸውን የሚበሉት ደረጃው ሥር፣ ከመጥረጊያው ጋር ቆመው ነው። የምትጾሙ ከሆነ ወንበር ጹሙ» አለ።

ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ሙስሊሙ ልጅ፣ «ይቺን እኔም እጾማታለሁ» አለ።

ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍል ውስጥም፣ ቤተ መጻሕፍትም፣ ምሳም ላይ ቆመናል። አንድ መምህር «ከኋላ ያሉት ሰሌዳው አልታያቸው አለ» ብሎ ተቆጣና ቋሚዎቹን በግድግዳው ዙሪያ አሰለፋቸው። የምታሰላስለዋ ልጅ ቆማ እንቅልፍ ይዟት ጫማ መደርደሪያው ላይ ልትወድቅ ነበር። ሰባት ሆነን ጀመርን፤ አሁን ሃያ ስድስት ደርሰናል። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሠራተኞቹ የሚያርፉበት ቦታ ይሰጣቸው።

ፎቶው ጠርዝ ላይ ያሉት ሴትዮ ከጽዳት ሠራተኞቹ አንዷ ናቸው።

መሮውን ገዝቻለሁ፤ ሰው እንዳገኘሁ እልካለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ጾሙ በገባ በአሥራ ስምንተኛው ቀን

ለመነኩሲታችን፤

ሰላም ለእግሮችሽ፤ አሁን ከሌላው አካልሽ ይልቅ ምርቃት የሚያስፈልጋቸው እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ጉድ ፈላ! ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ቁጭ እንዲል ስጠርብና ስልግ ኖሬ፣ ያሳደግኋት የእህቴ ልጅ ሰውን ከወንበር ታስነሣ? ምነው፣ ከምን አጣላሁሽ? ትናንት የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት አራት ወንበር ልታዝዝ መጣች። በኩራት የአንቺን ነገር ባወራላት ፊቷ ተለወጠ። «እንዲያ ከሆነ ጾሙ እስኪፈታ ልቆይ» ብላኝ ሄደች። ገበያዬን ከባሕር ማዶ ሆነሽ ዘጋሽው።

ቢሆንም አንቺ ቆመሽ እኔ መቀመጤን ሆዴ እምቢ አለ። በርጩማዬንና የደንበኛ ወንበሮቹን በሙሉ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ሰቀልኳቸው፤ ሱቁ የወንበር ሥጋ ቤት መስሏል። መሬት ላይ የቀረው ያ ባለ ሦስት እግሩ ነው። እሱም ግድግዳ ተደግፎ የኮላ ቆርቆሮ ይሸከማል እንጂ ሰው አያስቀምጥም። አስታወስሽው? ልጅ ሆነሽ «አራተኛው እግሩ የት ሄደ?» ስትዪኝ «ሊሸና ሄደ፣ ይመጣል» ብዬሽ፣ አንቺም በር በሩን ስትጠብቂ ውለሻል።

ልብስ ሰፊው ቆሜ ምሳ ስበላ አይቶኝ «ኪንታሮት ነው?» አለኝ። ጾም ነው ብነግረው አላመነም። መድኃኒት የሚያውቅ ዘመድ አለኝ ብሎ አድራሻ ጽፎልኛል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ስለዚያ ሒሳበኛ ካልሲ ነገርሽኝ፤ ስለ እንቅልፋሟም ነገርሽኝ። ስለ ግማሿ ሴትዮ ግን አንድ መስመር ጽፈሽ አለፍሽ፤ «ከጽዳት ሠራተኞቹ አንዷ» ብለሽ። እኔ እኮ ትምህርት ቤት ባልገባም ፊደል የቆጠርኩት የደንበኞቼን ደብዳቤ እያነበብኩ ነው፤ ሰው የሚቸኩልበትን ቦታ አውቃለሁ። ወንበር ሲነቃነቅ እኔ የማየው የቆሙትን እግሮች አይደለም፤ መሬት ያልነካውን ነው። ይቺ መስመርሽ መሬት አልነካችም።

ምን ሆነሻል? ካልፈለግሽ አትንገሪኝ፤ ግን እንዳላየሁ አትቁጠሪኝ።

አጎትሽ


ጾሙ በገባ በሠላሳ አንደኛው ቀን

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

ጤናዎን እመኛለሁ። መልሱን አዘግይቻለሁ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ያዩት እውነት ነው።

ባለፈው ዓመት ክፍላችንን ዘግተው ዕቃ ሊያስቀምጡበት አስበው ነበር። አለቃዬ፣ የግቢው ቄስ፣ «ክፍሉ ለሁሉም እንደሚያገለግል አሳዪያቸው» አለኝ። እኔም መዝገብ ከፈትኩ። ስም፣ እምነት፣ የገባበት ሰዓት፣ የመጣበት ጉዳይ ብዬ አሰመርኩ። የገባውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ጻፍኩ።

እኚያ ፎቶው ላይ ያዩዋቸው ሴትዮ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ለሃያ ደቂቃ ይገቡ ነበር። ያን ወንበር የሚወዱት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ጀርባዬን ያውቀዋል ይላሉ። በመጀመሪያው ቀን ለምን ጉዳይ መጡ ስላቸው፣ «ጻፊ፤ ጉልበቴን ላሳርፍ» አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉኝ። ሁለቱም ጎናቸው ሲስቅ አይተው ቢሆን!

ቃሉ በጣም አማረኝ ጋሼ። በየቀኑ እንዲያው ጻፍኩት። ለአስተዳደሩ ባቀረብኩት ዘገባ ላይ ደግሞ መደምደሚያ አደረግኩት፤ «በዚህች ክፍል የሰው ጉልበት እንኳ ያርፋል» ብዬ። በስብሰባው አጨበጨቡልኝ። ክፍሉም ተረፈ።

ዘገባው ግን ከእነ መዝገቡ ሠራተኞቹን ለሚቀጥረው የጽዳት ተቋራጭ ደረሰ። ተቆጣጣሪው ቀኖቹን ደመረና «በሥራ ሰዓት ሰባ ሁለት ጊዜ ተቀምጣለች» ብሎ ከሰሳቸው። ጉዳዩ የሚታየው ጾሙ በገባ በአርባ አራተኛው ቀን ነው። ሊያባርሯቸው ነው። ተማሪዎቹ ስለ ወንበር የቆሙት ይህን ሳያውቁ ነው፤ እኔ ግን አውቃለሁ። ሁሉም «አስተባባሪያችን» ይሉኛል፤ ሰው ሲያመሰግነኝ የምገባበት ይጠፋኛል። እሳቸውም ማን እንዳሳጣቸው አያውቁም። በየጠዋቱ «እግርሽን እንዴት አደረገሽ ልጄ?» ይሉኛል።

ለአስተዳደሩ ስም ሳልጠቅስ ደብዳቤ ልጻፍ እያልኩ ነው። ምን ይመክሩኛል?

የእህትዎ ልጅ


ጾሙ በገባ በሠላሳ ሰባተኛው ቀን

ልጄ፤

እግዚአብሔር ያበርታሽ። ዛሬ አልቀልድም፤ ይህን ደብዳቤ በአውቶብስ ሾፌር እጅ ወደ አየር ማረፊያ፣ ወደ እናንተ ለሚበር መንገደኛ የምልከው ቶሎ እንዲደርስሽ ነው።

ያ ባለ ሦስት እግር ወንበር የእኔ አይደለም፤ የዝሆኔ ነው። በአንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ጎን ለጎን ስንሠራ ስድስት ዓመት ኖረናል። ግዙፍ ስለሆነ ዝሆኔ አልነው እንጂ እጁ እንደ ሰዓት ሠሪ እጅ ነበር። መላጊያ አያያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሚስቱ የወለደች ሰሞን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አላየም። አንድ ቀን ሰጋቱራው ላይ ጋደም አለና እንቅልፍ ወሰደው።

እኔ ምላሴን ታውቂዋለሽ። አለቃችን ካቦው ባለበት፣ ሰው ሁሉ ምሳ እየበላ ሳለ፣ «ዝሆኔ እኮ ከሰጋቱራው ጋር ተጋብቷል፤ ዛሬ ጫጉላ ላይ ነበር» ብዬ የማንኮራፋቱን ድምፅ አስመሰልኩ። ሰው ፈረሰ በሳቅ። ካቦው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ዝሆኔም ሳቀ። ቅዳሜ ግን «ከሰኞ ጀምሮ አትምጣ» አለው ካቦው።

የጀመረውን ወንበር ጥሎት ሄደ፤ ሦስት እግር ተክሎ አንድ ቀርቶት። ድርጅቱ ሲዘጋ ያን ወንበር ለምኜ ወሰድኩት። ሃያ ሁለት ዓመቱ። ዝሆኔ የሚኖረው በአውቶብስ አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው። አንድ ቀን እንኳ አልሄድኩም። በመጀመሪያ «ቀልድ መሆኑን ያውቃል» አልኩ፤ ቀጥሎ «ሥራ አግኝቶ ይሆናል» አልኩ፤ በኋላማ መቆየቴ ራሱ ሌላ ጥፋት ሆኖ ቁጭ አለ።

እኔ ሰውየውን ለሳቅ ተጠቀምኩበት፤ አንቺ ደግሞ ሴትዮዋን ለአማረ ዓረፍተ ነገር። ሁለታችንም ክፉ አላሰብንም፤ ሁለታችንም ተጨብጭቦልናል።

ስም የሌለው ደብዳቤ አትጻፊ። ለአስተዳደሩም ገና አትናገሪ። መጀመሪያ ወደ እሳቸው ሂጂ፤ ከሌላ ሰው ሳይሰሙ፣ ፊት ለፊት፣ በአፍሽ። ቢቆጡሽ ቻዪው። ይቅርታውን ወዲያው እንዲሰጡሽ አትጠብቂ፤ የእሳቸው ነው፣ በፈለጉት ጊዜ ይስጡት። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ ሲታይ ቁሚና ተናገሪ፤ እግርሽ እንደሆነ ለምዷል።

መሮውን ተይው። አያስፈልገኝም።

አጎትሽ


ጾሙ በገባ በአርባ ስድስተኛው ቀን

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጉዳዩ ሊታይ አንድ ቀን ሲቀረው ነው።

ሄድኩ። ደረጃው ሥር መወልወያቸውን እየጨመቁ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ ይጨምቁ ነበር፤ ውሃው ካለቀ በኋላም አላቆሙም። ከዚያ፣ «ስሜን በትክክል ነው የጻፍሽው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ተቋራጩ በስድስት ዓመት አንድም ቀን በትክክል ጽፎት አያውቅም» አሉ። ልቤ ተስፋ አደረገ። እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ «አልተቀየምኩሽም አልልሽም። ተቀይሜሻለሁ። አሁን አልፈሽ ሂጂ፤ ወለሉ እርጥብ ነው፣ እንዳትወድቂ።»

በማግስቱ ኮሪደሩ ሙሉ ተማሪ ነበር። አርባ አንድ ሰው፤ ሁሉም ቆመው ነበር። ሙስሊሙ ልጅና ሒሳበኛው በሩ ግራና ቀኝ ቆመው ምሰሶ መስለዋል። ለእነሱም አስቀድሜ እውነቱን ነግሬያቸው ነበር። የምታሰላስለዋ ልጅ ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም፤ ቢሆንም መጣች።

ተቆጣጣሪው በአስተዳደሩ ፊት መዝገቡን አነበበ። እሳቸው «ተቀምጫለሁ። ጉልበት ካለኝ ነገም እቀመጣለሁ» አሉ። እኔ ተነሥቼ አልተናገርኩም፤ ቀድሞም ቆሜ ነበር። «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ስብሰባ የሰው ጉልበት ያርፋል ስል ያጨበጨባችሁልኝ ስለ እኚህ ጉልበት ነው። ያን ቀን ጥሩ ከነበረ ዛሬ እንዴት ጥፋት ሆነ?» አልኳቸው።

አልተባረሩም። ማስጠንቀቂያው ግን ከማኅደራቸው አልወጣም። እኔንም አለቃዬ ለብቻዬ ጠርቶ ቆንጥጦኛል፤ መዝገቡም ቀርቷል። ደረጃው ሥር ሦስት ሜትር ቦታ ፈቅደዋል፤ ወንበሩን ራሳችሁ አምጡ ብለውናል። ተማሪዎቹ እንሥራው ብለዋል። አንዳቸውም መጋዝ ይዘው አያውቁም።

ሴትዮዋን ምን ዓይነት ይሁን አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «መደገፊያ ይኑረው» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያሉኝ ይህን ብቻ ነው።

ስለዚህ ልኩንና አሠራሩን ይጻፉልኝ ጋሼ። አሁን ደግሞ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔን ሂጂ ብለው ላኩኝ። እርስዎስ? የዝሆኔ ወንበር አራተኛ እግር መቼ ነው ከሽንት የሚመለሰው?

የእህትዎ ልጅ


ቅዳሜ ከሰዓት፣ የጾሙ የመጨረሻ ቀን

ለማትለቀዋ፣ ለማታስተኛዋ የእህቴ ልጅ፤

ሰላምሽ ይብዛ፤ ለሴትዮዋም ጉልበት ሰላም ይሁን።

ይህን ዓይነት ባለጌ ማን ነው ያሳደገው ብዬ ለእናትሽ አቤት አልኩ። «አንተ» አለችኝ።

ልኩ ይኸውልሽ። መቀመጫው ከመሬት አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ዝቅ ካለ የደከመ ጉልበት መነሣት ያቅተዋል። ወደ ውስጥ አርባ። መደገፊያው ቀጥ አይበል፤ ትንሽ ወደ ኋላ የሚያዘነብል፣ የወገብ መሐል የሚያገኝ ይሁን። ለሦስት ሜትር አግዳሚ አራት እግር አይበቃም፤ ስድስት አድርጉለት። ሚስማር አታብዙ፤ የማያውቅ ሰው በሚስማር ብዛት ይታወቃል። ሒሳበኛው ይለካ፣ የምህንድስናው ተማሪ ይቁረጥ፣ እንቅልፋሟ ብርጭቆ ወረቀት ይዛ ታለስልስ፤ ሥራው ቆሞ ለሚያንቀላፋ ሰው ይመቻል። አንቺ ኮላውን ያዢ። ከመቀባታችሁ በፊት ሴትዮዋ ይቀመጡበትና ጀርባቸው ይወስን። «ጥሩ ነው» ካሉ አትመኑ፤ ከተቀመጡ በኋላ ሲያወሩ ትከሻቸው ከወረደ ያን ጊዜ ጥሩ ነው።

ለጥያቄሽ ደግሞ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። የዚያኑ ቀን ለዝሆኔ ጻፍኩለት። ስድስት ገጽ ጻፍኩ፤ አምስቱ ቀልድ ሆኖ ተገኘ፣ ቀደድኩት። አራት መስመር ቀረ። ያወራሁት እኔ ነኝ፣ ያሳቅሁብህ እኔ ነኝ፣ እንጀራህን ያሳጣሁህ እኔ ነኝ፣ ወንበርህ እኔ ጋ አለ። ልብስ ሰፊው ወደዚያ ሰፈር ሲሄድ አደረሰልኝ። «በሩ ላይ ተቀበለኝ፤ አነበበው፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ በሩን ዘጋ» አለኝ። ምንም አላለም? «ምንም።» ፊቱስ? «ሰውዬ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የማየው ኮት ነው» አለኝ።

ረቡዕ አልመለሰልኝም። ሐሙስም አልመለሰም። ይቅርታው የእሱ ነው ብዬ አንቺን አስተምሬ የለ? ለራስ ሲሆን ትምህርቱ አይገባም። ዝም ብዬ ከምቀመጥ፣ መቼም መቀመጫ የለኝም፣ ዛሬ ጠዋት የኮላውን ቆርቆሮ አነሣሁና ወንበሩን ገለበጥኩት። ሦስቱ እግሮች በሃያ ሁለት ዓመት ቅንጣት አልተነቃነቁም። እጁ እንዲህ ነበር። አራተኛውን ስጠርብ ዋልኩ፤ ሦስት ጊዜ አበላሸሁ። በአራተኛው ገባ። ኮላ አድርጌ በገመድ ጠፍሬዋለሁ። በአራት እግሩ ቆሞ ሳየው፣ አንቺ በልጅነትሽ እንዳደረግሽው፣ በር በሩን የምጠብቀው እኔ ሆንኩ።

መሮውን ተይው ያልኩት ተናድጄ ነው፤ ላኪው። ሦስት እግር ያበላሸሁት በዚያ ደነዝ መሮ ነው።

በሩ እየተንኳኳ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ደንበኛ አይመጣም። ልብስ ሰፊው ይሆናል፤ ስለ ኪንታሮቴ ሊጠይቀኝ። ቆይ።

ከፍቼ ተመለስኩ። አሁን የምጽፈው ነገር ኖሮኝ አይደለም፤ እጄን የማደርግበት አጥቼ ነው። እሱ ነው። ሸብቷል፣ ከስቷል፣ አሁንም ግን በሩን ሞልቶት ነው የገባው። ሰላም አላለኝም። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ወንበሮች አንድ በአንድ አየ። ቀጥ ብሎ ወደ ወንበሩ ሄደና ጎንበስ አለ። አራተኛውን እግር በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው።

«ኮላው አልደረቀም» አለ።

አዎ አልኩት።

«ስንት ሰዓት ይፈልጋል?»

እስከ ማታ አልኩት።

ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እኔም ይህን እርሳስ አስቀምጬ ከጎኑ ልቁም።